ሰሚ ሳይኖር ስለ መጫወት

ሰው ሙያውን የሚያጣው ክፉ ቀን በመጣበት ጊዜ ነው ሲባል እንሰማለን። ጦርነት፣ ስደት፣ ችግር ወይም እርጅና ጥበቡን ከእጁ እንደ ነጠቀው የሚናገር ሰው ብዙ ነው። እኔም ይህን ከሚናገሩት አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ ሰው ከራሱ ጋራ የሚነጋገርበት ጊዜ ይበዛለታል፤ ለሌላው ሲነግር የኖረውንም ምክንያት እንደ ገና በመረመረው ጊዜ ውሸት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ነገሩ በአንድ ወገን በሩቅ አገር ሲኖሩ ስለ ቆዩ አንድ የሙዚቃ ሰው፣ በሌላ ወገን ደግሞ እኔ ራሴ ስለ ተናገርሁት ውሸት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደ ተገናኙ አንባቢ ከዚህ በታች ይመለከተዋል።

እኔ በአዲ አርቃይ ልጆች ሳስተምር የሸመገልሁ ሰው ነኝ። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ደባርቅን ካለፈ በኋላ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ብርዱን ከላይ ትቶ፣ ዛሪማን አልፎ ወደ ከተማችን ይደርሳል። የስሜን ተራሮች ከበላያችን እንደ ግንብ ቆመው ይታያሉ። መንገዱ ወደ ተከዜና ወደ ሽሬ፣ ቀድሞም ከዚያ አልፎ እስከ አስመራ የሚያደርስ ስለ ነበረ፣ በልጅነታችን የጭነት መኪና ነጂዎች ሲመላለሱ ከጨውና ከሸቀጥ ጋራ ዘፈን ይዘውልን ይመጡ ነበር። አኮርዲዮኔንም ያገኘሁት ከአንዱ ነጂ ነው። የኢጣልያ ሥራ ነበረ፤ የአራት ወር ደመወዜን ከፈልሁበት። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ «በሬ በገዛህበት!» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

በዚያ ጊዜ የነበረው አስተያየት ዛሬ ላለው ወጣት እንግዳ ይመስለው ይሆናል። በጎንደር ምድር ዘፈን የማይወድ ሰው አይገኝም፤ አዝማሪ የሌለበት ሠርግም ሠርግ አይባልም። ይሁን እንጂ አዝማሪውን እያጨበጨበ የሸለመው ሰው ራሱ፣ ልጁ ማሲንቆ ያነሣ እንደ ሆነ ቤቱ የተዋረደ ይመስለዋል። እኔንም «መምህር ሆኖ አዝማሪነት አማረው» እያሉ ያሙኝ ነበር። በደርግ ዘመን ግን የኪነት ቡድን በየቦታው በተቋቋመ ጊዜ፣ ያው ሲያማኝ የነበረው ሰው ልጁን እንዳስተምርለት ይለምነኝ ጀመር። አኮርዲዮን ያለው መምህር እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ በየበዓሉ ከፊት እቀመጣለሁ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እኔም በጭብጨባው እሞቃለሁ። ያን ጊዜ የምወደው ሙዚቃውን ይመስለኝ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ የኪነት ቡድኑም ተበተነ። የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። የመጀመሪያውን ዓመት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለተኛውን በወር አንድ ቀን መሣሪያውን አነሣው ነበር። ከዚያ በኋላ «ማን ይሰማኛል?» አልሁና በሣጥኑ ውስጥ ቈልፌ ከአልጋዬ ሥር ገፋሁት። ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው ቈየ። እንግዳ በመጣ ቍጥር ግን «አኮርዲዮን አለኝ» ማለትን አልተውሁም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ አገር በደረሰ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እኔም ባለቤቴንና የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ደባርቅ ሸሸሁ። ያን ጊዜ ዳገቱን የወጣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የየራሱ ነገር አለው፤ እዚህ አልዘረዝረውም። ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ እህሉ የለም፤ በሩ ተገንጥሏል። ሣጥኑ ግን ከአልጋው ሥር እንደ ተቈለፈ ነበረ። ከፈትሁት። አኮርዲዮን የሚተነፍስበት ወናፍ ከወፍራም ወረቀት፣ ከጨርቅና ከቆዳ የሚሠራ ነው፤ በውስጡም ድምፅ የሚሰጡት ቀጫጭን የብረት ምላሶች በሰም ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ወናፉ በየእጥፋቱ ተበጣጥሷል፤ ሰሙ ረግፏል፤ ምላሶቹ ዝገዋል። ባለቤቴ ጐንበስ ብላ አየችና «ይህ የዓይጥ ጥርስ ነው፤ የዘንድሮም አይደለም» አለችኝ። የሣጥኑ ታች በዓይጥ ተበስቶ ነበር። ቀዳዳው አፉ በሸረሪት ድር ስለ ተሸፈነ ዓይጦቹ ራሳቸው ከለቀቁት ብዙ ዓመት እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው የጠፋባቸውን ሲቈጥሩ እኔም ተራዬ ደረሰ። «አኮርዲዮኔን ጦርነቱ በላብኝ» አልሁ። ይህን ቃል ለምን እንደ ተናገርሁት ዛሬም በሚገባ አላውቀውም። ምናልባት «በንቀት የሞተብኝ» ከማለት «የተገደለብኝ» ማለት ቀሎኝ ይሆናል። አንዲት ልጇን ያጣች፣ ልጇም የእኔ ተማሪ የነበረ እናት ይህን ሰምታ አለቀሰችልኝ። እህሉና ከብቱ የጠፋበት ሰው እኔን «አይዞህ» ይለኝ ጀመር። እኔም የማይገባኝን ለቅሶ ተቀበልሁ።

ውሸቱ እንዲህ እንደ ተቀመጠ ጥቂት ዓመት አለፈ። በኋላ አንድ ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ በሥራ ላይ ያለ ልጅ ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ ወደ ቤቴ ጐራ አለ። ስለ አኮርዲዮኑ የሰማውን አንሥቶ አዘነልኝና ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አለኝ። አኮርዲዮን ነበረ። ዜማው እኔ በወጣትነቴ የማውቀው የአገር ዜማ ሲሆን፣ ከሥሩ ግን የኤሌክትሪክ ፒያኖና እንደ ከበሮ የሚመታ መኪና ይሰማል። ባለቤቴ ቡና እየቀዳች አዳመጠችና «ዘፋኙ የሚገባው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጁም «ዘፋኝ የለውም፣ እትዬ፤ እንዲሁ ነው» አላት። እኔም የማን ሥራ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። የአቶ ኃይሉ መርጊያ ነው ብሎ የሕይወታቸውን ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። በኋላ ራሴም የልጅ ልጄን ስልክ እየለመንሁ ብዙ አነበብሁ፤ ብዙም ሰማሁ።

አቶ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ አኮርዲዮንንም በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በኋላ ኦርጋንና ፒያኖ የሚጫወቱበት ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት የተጫወተ ስመ ጥር ባንድ ነው። ብዙ ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያ የባለ ቤቱ ንብረት ሆኖ ተጫዋቹ እንደ ጭሰኛ በሚሠራበት በዚያ ዘመን፣ የዋልያስ ሰዎች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በራሳቸው ለመቆም ቈረጡ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ለጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስላልቻለ ባንዱም ሌሊቱን ሁሉ ሲጫወት ያድር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። በዚህ ሸክላ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ይገኛል፤ አቶ ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፈውበታል። ስለዚህ ሸክላ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። እኛ አገር ዘፈን የሚከበረው በቃሉ ነው። አድማጭ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ ማሲንቆው የቃሉ አሽከር ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ቃሉን ትተው ዜማው ብቻውን ይናገር አሉ። የእኛ ቅኝት ከሰባቱ ድምፆች አምስቱን ብቻ ይመርጣል፤ ጃዝ ደግሞ ተጫዋቹ የተሰጠውን ዜማ ተቀብሎ ከሄደ በኋላ፣ በራሱ መንገድ ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት እንዲመለስ ይፈቅድለታል። አቶ ሙላቱ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ተምረው ሁለቱን እንዴት እንደሚያጋጥሟቸው አስቀድመው አሳይተዋል። ታላቁ አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973፣ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜያቸው፣ ባንዳቸውን ይዘው አዲስ አበባ መጥተው ተጫውተዋል። በዓመቱም ሳይሞላ ዐረፉ። ያን ጉዞ ያደረጉት እንግዲህ በመጨረሻው ዘመናቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ለጨዋታ ወደ አሜሪካ ሄደ። ገሚሶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አቶ ኃይሉና አቶ ግርማ በየነ ይገኙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 አቶ ኃይሉ ብቻቸውን አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሌላውንም መሣሪያ ሁሉ እየተጫወቱ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ፣ አንድ ካሴት ቀዱ። እኔ የሰማሁት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን መድረኩ እየራቀ ሄደ። እኒያ በሒልተን ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨፈሩ ሰው በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ሆኑ። አቶ ግርማ በየነም የብዙ ዘፈኖች ደራሲና አቀናባሪ ሳሉ በዚያው አገር የመኪና ነዳጅ በሚቀዳበት ቤት ለዓመታት ሠሩ።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ ከእኔ ታሪክ ብዙ አይለይም፤ የሚጠራቸው ጠፋ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አቶ ኃይሉ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ በመኪናቸው የኋላ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ነበራቸው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ያወጡትና በኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱበት ነበር። ተራቸው ሲደርስ ይመልሱትና ሰውየውን ጭነው ይሄዳሉ። የተጫነው ሰው ማን እንደ ጫነው አያውቅም። እሳቸውም እንዲህ ሲያደርጉ ዓመታት አለፉ።

ልጁ ይህን በነገረኝ ጊዜ ቡናው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም። የማይናገር ምስክር ግን ከሚናገረው ይከብዳል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በመጨረሻ አንድ የቆዩ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በእኛው በባሕር ዳር በአንድ የካሴት መሸጫ ያን የ1985 ካሴት አገኘ። ባለቤቱንም አፈላልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና አሳተመው። አቶ ኃይሉ ያን ጊዜ ስድሳ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ወዲያው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ልዩ ልዩ መድረኮች ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አዳዲስ ሥራዎች አወጡ። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በእሳቸው ላይ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

አንዳንድ አንባቢ ከዚህ ላይ «ዕድለኛ ሰው ናቸው፤ ካሴቱ ባይገኝስ ኖሮ?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ካሴት ሳይገኝ ቀርቷል፤ ብዙ ባለ ሙያም ሳይጠራ ተቀብሯል። ትጉህ ሁሉ ዋጋውን ያገኛል ብዬ ብጽፍ ለወጣቶች ውሸት ማስተማር ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ይበቃኛል። ነገር ግን ነገሩን በሌላ ወገን እንየው። ያ አሜሪካዊ መጥቶ በራቸውን ባያንኳኳ ኖሮ አቶ ኃይሉ ምን ይጐድልባቸው ነበር? መድረኩና ጭብጨባው ይጐድልባቸው ነበር። ሙዚቃው ግን በእጃቸው ነበረ። በሩ ተንኳኵቶ ሳለ እጃቸው ዝጎ ቢገኝ ኖሮስ? ካሴቱ እንደ ቀድሞ ቤት ፎቶግራፍ ሆኖ በቀረ ነበር። ዕድል የሚያንኳኳው የሁሉን በር አይደለም። በሩ ከተንኳኳለትም ሰው መካከል ተነሥቶ የሚከፍት ጥቂት ነው።

ለዚህም ሌላ ምስክር በአገራችን አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ፒያኖና ቫዮሊን የተማሩ፣ በኋላ መንኩሰው በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ለዓመታት የኖሩ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ወደ ጎንደር መጥተው ሳለ፣ የቆሎ ተማሪዎች ማደሪያ አጥተው በየደጀ ሰላሙ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጣቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ ብቻ ስለ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ቀርጸው ገቢውን ለድኆች አዋሉት። በኋላም በኢየሩሳሌም በገዳም ተቀምጠው ፒያኗቸውን ሳይለዩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። እኒህን እናት መድረክ አልፈጠራቸውም፤ መድረክ ባለ መኖሩም ፒያኗቸውን አልተዉም።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ሌሊት ተነሥቶ በጨለማ ቀለሙን ሲያዜም የሚሰማው ጅብና የኔታ ብቻ ናቸው። የኔታ ቢያንቀላፉ እንኳ ተማሪው ማዜሙን አይተውም፤ ቢተው ጧት ይታወቅበታልና። እኔ ይህን በልጅነቴ በዓይኔ እያየሁ አድጌ ሳለ፣ ሙያ በሰሚ የሚኖር አድርጌ ማሰቤ ይገርመኛል። ሰሚ ለሙያ እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ደስ ያሰኛል፤ ይሄዳልም። እንግዳ ሄደ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ግን የለም። እኔ አፍርሻለሁ።

ልጁ ወደ ጎንደር በተመለሰ በሁለተኛው ወር አንድ ካርቶን በአውቶቡስ ላከልኝ። በውስጡ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ነበረበት። ከዚያው ጋራ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር በሰኔ በሚደረገው የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ እንድጫወት ጠየቀኝ። ነገሩን የዶለቱት ሁለቱ ሆነው ነው፤ ሁለቱንም ፊደል ያስቈጠርሁ እኔ ነኝ። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ሆኖም ርእሰ መምህሩ ደስ ብሎት «በመክፈቻው ላይ ጦርነቱ መሣሪያቸውን የበላባቸው መምህር ብዬ አስተዋውቅዎታለሁ» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጎረቤት መካከል የተናገርሁት ትንሽ ውሸት አድጎ፣ በአምስት መቶ ሕፃናት ፊት በድምፅ ማጉያ ሊነገር ነው። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ በእውነት በዚያ ጦርነት አባታቸውን ያጡ ናቸው።

በማግስቱ ወደ ቢሮው ሄጄ እውነቱን ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ጋሼ፣ ምን ብዬ ላስተዋውቅዎ?» አለኝ። «አኮርዲዮኑን ዓይጥ የበላበት መምህር በል» አልሁት። ሳቁን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከእሱ ይልቅ የከበደኝ ልጇን ያጣችው እናት ነበረች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አስከትዬ ነገርኋት፤ ይቅርታም ለመንኋት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ «መምህር፣ እኔ ያን ቀን ያለቀስሁት ለሣጥንዎ መሰለዎ? ማልቀሻ ፈልጌ ነው እንጂ» አለችኝ። ሄደችም። ይቅርታ ማድረጓን ወይም አለማድረጓን እስካሁን አላወቅሁም። በዚያ በዓል ላይ የምትመጣ እንደ ሆነ አየዋለሁ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ እለማመዳለሁ። ኪቦርድ እንደ አኮርዲዮን ከሰው ጋራ አብሮ አይተነፍስም፤ ለመዝለቅ ብዙ ተቸገርሁ። የግራ እጄ ቀለበት ጣት አይታዘዝልኝም፤ ሠላሳ ዓመት ሥራ ፈትቶ ኖሮ ዛሬ ልቀስቅሰው ስል እንደ ሰነፍ ሎሌ ያኮርፈኛል። የምለማመደው አንድ ትዝታ ብቻ ነው። በወጣትነቴ በአንድ ቀን የምይዘውን ዜማ ዛሬ ከሦስት ሳምንት በኋላም ሁለት ቦታ ላይ እስተዋለሁ። የልጅ ልጄ ከአልጋዋ ላይ ሆና «አባባ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ተሳሳትህ» ትለኛለች። ባለቤቴ ግን ባለፈው ሳምንት፣ ሳልጠይቃት፣ የባትሪ ድንጋይ ገዝታ መጣች። ከእሷ ይህን ማግኘት ከአምስት መቶ ሰው ጭብጨባ ይበልጥብኛል።

በአንድ ሌሊት ደግሞ አንድ ነገር ሆነልኝ። ስህተቴን እየቈጠርሁ ስጫወት ድንገት መቍጠሬን ረሳሁ። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ በሰኔ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚስቅብኝ ሁሉ ከልቤ ወጣ። ዜማው ሄዶ ተመለሰ፤ እኔም አብሬው ሄጄ ተመለስሁ። ምናልባት በዚያ በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ የነበረው ይህ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። እውነት ከሆነ፣ ለእኒያ ሰው «በጨለማ ዘመን ታገሡ» ብለን ማዘናችን ስህተት ነው። ደመወዛቸውን በየቀኑ እየተቀበሉ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፣ ሙያ ያለህ እንደ ሆነ ከአልጋ ሥር አታስቀምጠው። በገና ደርዳሪ ብትሆን ደርድር፤ ጸሐፊ ብትሆን ጻፍ፤ ሸማኔ ብትሆን መወርወሪያህን አታሳርፍ። የሚጠራህ ሰው ሲጠፋ መሣሪያህን ወደ ዕቃ ማስቀመጫህ አዛውረው እንጂ አትጣለው። የተጠራህበትን መድረክ ቀን ሰው ይነግርሃል፤ የሚበልጠው ግን ቀን ያልተቈረጠለት መድረክ ነው፤ ለእሱ የሚዘጋጅ ሰው ዛሬ መጀመር አለበት። ካጠፋኸውም እንደ እኔ ጥፋቱን በዘመንና በጦርነት ላይ አታላክክ። ጦርነት የራሱ በቂ ኃጢአት አለበት።

በዓሉ ሊደርስ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው። ሁለቱ ቦታዎች ላይ እንደምስት አውቃለሁ፤ ምናልባት አንደኛውን ብቻ እስት ይሆናል። ልጆቹ ይስቁ፤ ልጅ በሽማግሌ ጣት ቢስቅ ነውር የለበትም። እኔ ግን በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ሌሊት፣ ሰሚ ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ያን ትዝታ እንደ ገና ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ። ፈተናዬ የሚሆነው ያ ሌሊት ነው።